ውርስን በሕይወት ሳሉ ማደራጀት፦ የኑዛዜና የሕግ ባለሙያ ምክር ፋይዳ

በከተሞች የቤት ዋጋ እየናረ መምጣቱ፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መስፋፋታቸው እንዲሁም የአንድ ቤተሰብ አባላት በአገር ውስጥና በውጭ አገር ተራርቀው መኖራቸው የውርስን ጉዳይ ከቀድሞው ይበልጥ ውስብስብ አድርገውታል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ስለ ኑዛዜ ማንሣት ሞትን እንደ መጥራት ስለሚቆጠር ጉዳዩ ሳይነሣ ይቆያል። ቤተሰቡ ስለ ሕጉ የሚጠይቀው ሐዘኑ ሳይወጣ፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የቤት ካርታ ወደ ወራሾች ስም ይዛወር ሲባል ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ የሟችን ፈቃድ መጠየቅ አይቻልም።

ኑዛዜ አለመኖሩ ንብረቱን ያለ ሕግ አያስቀረውም። ሟች ያልወሰነውን ሕጉ ይወስነዋል። ይህ የሕግ ክፍፍል ግን ቤተሰቡ ሲያስበው ከኖረው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

ኑዛዜ በሌለ ጊዜ ማን ይወርሳል?

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 842 መሠረት የሟች የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ልጆቹ ሲሆኑ፣ ድርሻቸውም እኩል ነው። ከሟች ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእርሱን ድርሻ ተወላጆቹ በምትክነት ይወስዳሉ። ልጅ በጋብቻ ውስጥም ይወለድ ከጋብቻ ውጪ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የመውረስ መብቱ አይለያይም፤ የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል። ሟች ተወላጅ ከሌለው ውርሱ ወደ አባቱና እናቱ ይሄዳል፤ ከሁለቱ አንዳቸው በሕይወት ከሌሉ በምትካቸው ተወላጆቻቸው፣ ማለትም የሟች ወንድሞችና እህቶች፣ ይተካሉ።

በዚህ የወራሾች ዝርዝር ውስጥ ባል ወይም ሚስት አይገኙም። በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለም። መብቱ የሚመነጨው ከተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲሆን፣ እርሱም ከጋራ ሀብት የራሱን ግማሽ መውሰድ ነው።

ልዩነቱ በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው አንድ ቤት አፍርተው ባል ሦስት ልጆች ትቶ ቢሞት፣ የቤቱ ግማሽ የሚስት ነው። ቀሪው ግማሽ ለሦስቱ ልጆች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ከጠቅላላው ቤት አንድ ስድስተኛ ይደርሰዋል። ከልጆቹ አንዱ ከሌላ እናት የተወለደና በዚያ ቤት ኖሮ የማያውቅ ቢሆንም ድርሻው አይቀንስም። ባልየው ቤቱን የያዘው ከጋብቻው በፊት ከሆነና በጋብቻ ውል የጋራ ካላደረገው ግን ቤቱ የግል ሀብቱ ነው። ሚስት ሃያ ዓመት ብትኖርበትም ከቤቱ በወራሽነት የምትጠይቀው ድርሻ አይኖርም። ልጅ ያልወለዱ ባለትዳሮች ከሆኑ ደግሞ ሚስት የጋራ ቤቱን ከባሏ ወላጆች ወይም ከእኅት ወንድሞቹ ጋር ለመካፈል ትገደዳለች።

ብዙ ሰዎች «ቤቱ ለባለቤቴ ይቀራል» በሚል እምነት ኑዛዜ ሳይተዉ ያልፋሉ። ይህ እምነት በሕጉ የሚጸናው ሟች ፈቃዱን በሕጋዊ ኑዛዜ ሲገልጽ ብቻ ነው።

ኑዛዜ የሚወድቅባቸው ምክንያቶች

ኑዛዜ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል፤ ለእያንዳንዳቸውም ጥብቅ ሥርዓት ደንግጓል።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡ ወይም በተናዛዡ ቃል ሌላ ሰው የሚጽፈው ነው። በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በሰነዱ ላይ መጻፍ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት ምልክት ማድረግ አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ኑዛዜው በምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ መነበቡ ግን ሳይጻፍ ቢቀር እንኳ ሰነዱ ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በራሱ በተናዛዡ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ ይገባዋል። ይህ ኑዛዜ በተደረገ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። በሣጥን ተቆልፎ የኖረ ወረቀት ከባለቤቱ ሞት በኋላ ሲወጣ ዘመኑ አልፎበት ሊገኝ ይችላል።

በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ሰው ሞቱ መቃረቡ ሲሰማው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። በዚህ መንገድ ሊወሰን የሚችለው የቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳሪነትና ሞግዚትነት እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ኑዛዜው ይፈርሳል። ስለዚህ በአልጋ ላይ ለንስሐ አባት ወይም ለጎረቤት ሽማግሌዎች በቃል የሚነገር የቤት ውርስ፣ የቱንም ያህል ከልብ ቢሆን፣ በሕግ ፊት አይጸናም።

ባልና ሚስት በፍቅር ተስማምተው በአንድ ሰነድ ላይ የሚያደርጉት የጋራ ኑዛዜም ፈራሽ ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኑዛዜ ማድረግ ይኖርባቸዋል። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ መወለዱ ወይም ጋብቻው በፍቺ መፍረሱ በኑዛዜው የተሰጡ ስጦታዎችን ሊያስቀር ስለሚችል፣ በቤተሰቡ ውስጥ ለውጥ በመጣ ቁጥር ሰነዱን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

የይዘት ወሰኖች

ተናዛዥ ልጁን ከውርስ መንቀል የሚችለው ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ በግልጽ ሲጽፍ ነው፤ ስሙን ሳያነሡ ማለፍ ልጁን ከውርስ አይነቅልም። በክፍፍል ከሚገባው ከአንድ አራተኛ በላይ የቀነሰበት ተወላጅ ክፍፍሉን መቃወም የሚችልበት ድንጋጌም አለ። በሌላ በኩል ተጠቃሚው ተለይቶ የተጠቀሰበት የሕይወት መድን ክፍያና በሞት ምክንያት ለቤተሰብ የሚከፈል የጡረታ አበል የውርሱ አካል አይደሉም።

መሬት በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የሚወረሰው የመሬት ባለቤትነት ሳይሆን የይዞታ መብትና በላዩ ላይ ያለው ንብረት ነው። የገጠር መሬት ይዞታን ማን ሊወርስ እንደሚችል የሚወሰነው በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 እና በክልል የመሬት ሕጎች ነው። ስለዚህ ለከተማ ቤት የተዘጋጀን የኑዛዜ ቃል ለእርሻ መሬት እንዳለ መገልበጥ አደጋ አለው። ሟች ሙስሊም በሆነ ጊዜ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የውርስ ጉዳይን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ሲቀበሉ ነው።

የሕግ ባለሙያ የሚጨምረው ነገር

ሕጉ ኑዛዜ በጠበቃ መዘጋጀት አለበት አይልም። የባለሙያ ጥቅም ያለው ከጽሕፈቱ በፊት በሚነሡት ጥያቄዎች ላይ ነው። የትኛው ንብረት የግል፣ የትኛው የጋራ ነው? ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳ አለ? ከቀድሞ ትዳር የተወለደ ልጅ አለ? ሕፃናቱን ማን ያሳድጋል? ውርሱን ማን ያጣራል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተጻፈ ኑዛዜ የተናዛዡ ያልሆነን ንብረት ሊያወርስ ወይም ያለውን ሊዘነጋ ይችላል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወራሾችም የውክልና ሰነዳቸውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል በወቅቱ እንዲያዘጋጁ ባለሙያው ያመላክታል።

ክርክር ከተነሣ በኋላ የሚከፈለው ዋጋ ይከብዳል። ንብረቱ ሳይሸጥና ሳይታደስ ይቆያል፤ ቤተሰብም ይለያያል። በተጨማሪም የውርስ ንብረትን ያለ መብት በወራሽነት የያዘ ሰው ላይ የሚቀርብ ክስ፣ ከሳሹ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ይደነግጋል። ለቤተሰብ ሰላም በሚል ለዓመታት ዝም ያለ ወራሽ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ጠበቃ ሲመረጥ የጸና ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይመራል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ዜጎች በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ባሉ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት፣ ሴቶች ደግሞ በኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል ምክር ማግኘት ይችላሉ።

ወደ ባለሙያ ከመሄድ በፊት የሚዘጋጁ ሰነዶች

• የጋብቻ ማስረጃ፣ እንዲሁም ፍቺ ተፈጽሞ ከሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ፤
• የሁሉም ልጆች የልደት ማስረጃ ወይም የጉዲፈቻ ውሳኔ፤
• የቤት ካርታ፣ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር፣ የተሽከርካሪ ሊብሬ፣ የአክሲዮን ሰነድ፤
• የባንክ ሒሳቦች፣ የዕዳና የመድን ውሎች ዝርዝር፤
• ቀደም ሲል የተደረገ ኑዛዜ ካለ ዋናው ቅጂ።

ኑዛዜ በማናቸውም ጊዜ ሊሻርና ሊለወጥ ይችላል፤ ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስም በንብረቱ ላይ ያለውን መብት አይቀንስበትም። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ተቋም ተረጋግጦ የተቀመጠ ኑዛዜም ከመጥፋትና ከመቀየር የተጠበቀ ይሆናል። በጤናና በሙሉ አእምሮ ሳሉ የሚደረግ ኑዛዜ፣ ቤተሰቡ በሐዘን ጊዜ በግምት ፋንታ በሟች ግልጽ ቃል እንዲመራ ያስችለዋል።