ዱባይን አየን አትበሉ

ለገና አገር ቤት ሲገቡ ዱባይ ላይ ጎራ ማለት ልማድ ሆኗል። ከዋሽንግተን የተነሳውም፣ ከለንደን የመጣውም ሁለት ሦስት ቀን ያርፋል። 828 ሜትር ከሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ማሪና ላይ ጀልባ ይከራያል፣ ፓልም ጁሜራ ላይ ቁርሱን ይበላል። ከዚያ «ዱባይን አየኋት» እያለ ቦሌ ይወርዳል። አላያችኋትም! ያያችሁት ለእንግዳ የተዘጋጀውን ሳሎን ነው። ወገኖቻችሁ የሚኖሩበትን ከተማ አልረገጣችሁም፤ የረገጣችሁም ብትኖሩ ፊታችሁን አዙራችሁ ነው ያለፋችሁት።

ይህን የምለው በሐሜት ተነስቼ አይደለም። ባለፈው ገና ዴራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጬ ነበር። ዕለቱ በዚያ አገር የሥራ ቀን ስለሆነ ከማዳም ቤት ፈቃድ ለምነው የወጡ አምስት ስድስት ልጆች ነጠላቸውን ለብሰው ዶሮ ወጥ ከበዋል። እየበሉ ሰዓት ያያሉ። በዚህ መሀል ከአሜሪካ የመጣ አንድ ቤተሰብ ገባ። እናትየዋ የምግብ ቤቱን ባለቤት ጠርታ «እትዬ፣ ከነዚህ የአረብ አገር ልጆች ራቅ ያለ ቦታ የለም?» አለቻት። ድምጿን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። ከልጆቹ አንዷ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። ባለቤትየዋ ግን ኮስተር ብላ «እህቴ፣ እዚህ ቤት ሁላችንም የአረብ አገር ልጆች ነን» አለቻት። ቤተሰቡ ተነስቶ ወጣ።

የአንዲት ሴት ባለጌነት ነው ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አይደለም። በዱባይ ሞል አጠገቡ አማርኛ ሲወራ ሰምቶ ከሚስቱ ጋር በእንግሊዝኛ ማውራት የጀመረ ጎልማሳ በዐይኔ አይቻለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ልጃቸው ሊያገባት ያሰባት ልጅ «አረብ አገር ሠርታ ታውቃለች» ተብሎ ሲነገራቸው ፊታቸው የጠቆረ ወላጆች አውቃለሁ። «የአረብ አገር ልጅ» የሚለው ነገር በእኛ አፍ ስድብ ሆኗል። ከእኛ ከራሳችን ንቀት የባሰ ምን ውርደት አለ?

እስቲ ሜትሮውን ያዙ። አረንጓዴው መስመር ላይ ባኒያስ አደባባይ ውረዱና በእግራችሁ ወደ ዴራዎቹ ሰፈሮች፣ ወደ ናይፍና ወደ ፍሪጅ ሙራር ግቡ። በአማርኛ የተጻፈ ታፔላ ታያላችሁ፤ የቡናና የበርበሬ ሽታ ከመደብሩ በር ይቀበላችኋል። ካርጎ ቤት ጎራ በሉ። አንዲት ልጅ ከሚዛኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ዕቃዋን ስትጠቀልል ታገኛላችሁ። ብርድ ልብሱን ታጥፋለች፣ የሕፃን ጫማውን ብርድ ልብሱ መሀል ትሸጉጣለች፣ የወተት ዱቄቱን ቆርቆሮ በፎጣ ታለብሳለች፤ በፕላስተር ጠርንፋ ስታበቃ በወፍራም እስክሪብቶ «ደሴ» ብላ የእናቷን ስም ትጽፍበታለች። ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቢተርፍ ጠርንፋ የጨረሰችውን ፈትታ የራሷን ስጦታ ትቀንሳለች እንጂ የሕፃኑን ጫማ አትነካም። እዚያ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ስለ አገሩ የሚማረው ማማ ላይ ወጥቶ ከሚያየው ይበልጣል።

ከዚያ ወደ ኹሩ ውረዱ። ከተማዋን ዴራና ቡር ዱባይ ብሎ ለሁለት የከፈለው ያ የባሕር ክንድ ነው፤ ማሪናው ሳይታሰብ በፊት ዱባይ ማለት ይኸው ነበር። ዛሬም የእንጨት ጀልባዎች ፍሪጅና ጎማ ይጭናሉ። በ1 ድርሃም አብራ በሚሏት ጀልባ ላይ ተሳፍራችሁ ጀርባ ለጀርባ ከተቀመጠው ሠራተኛ ጋር ተሻገሩ። ሲመሽ ወደየቤቱ የሚገባውን ሕዝብ ተመልከቱ። ብዙው የሚገባው ቤድ ስፔስ ወደሚሉት ነው፦ አንድ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋዎች፣ በየአልጋው መጋረጃ። የግል ቤት ማለት ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ነው። የእኛ ልጆች ፎቅ አልጋው ላይ ተቀምጠው ነው አገር ቤት ደውለው «ተመቸኝ፣ አታስቡ» የሚሉት።

ጁሜራንም እዩ እንጂ፤ ግን በጠዋት እዩት። ቪላዎቹ ገና ተኝተው ሳሉ ጋሪ የምትገፋውን፣ ውሻ የምታናፍሰውን፣ ደጅ የምታጥበውን ልጅ ተመልከቱ። ባሕሩ ዳር ሰው ሁሉ ሲዋኝ አንዲት ሙሉ ልብስ የለበሰች ሴት የሦስት ሕፃናት ሰንደል በእጇ ይዛ ውኃው ጫፍ ላይ ቆማለች። ዐይኗን ከሕፃናቱ አትነቅልም፤ እግሯን ግን አላራሰችም። እናንተ የባሕሩን ፎቶ ስታነሱ ከፍሬሙ እንድትወጣላችሁ ፈቀቅ የምትሉት ከእሷ ነው።

ለመሆኑ የምንንቀው ማንን ነው? ዛሬ በቨርጂኒያ ባለ ሦስት መኝታ ቤት የገዙት እናቶቻችን ስንቶቹ ናቸው በካርቱም የሰው ቤት ሲያጸዱ የኖሩት? በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ሮም ውስጥ የጣሊያን ልጅ ያሳደጉት ሐበሾች የማን እህቶች ነበሩ? የዋሽንግተንን የመኪና ማቆሚያ ሌሊቱን የጠበቁት፣ ታክሲ የነዱት፣ ሽማግሌ ያጠቡት አባቶቻችን አይደሉም? ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ነበረን። አንድ ሐበሻ ሌላውን መንገድ ላይ ሲያይ መኪናውን አቁሞ ይወርድ ነበር። «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው? ምሳ በላህ?» ይባባል ነበር። አዲስ የመጣ ሰው ሶፋ ላይ ወራት ይተኛ ነበር እንጂ ከየት መጣህ ተብሎ አይመዘንም ነበር። የክሬዲት ካርዱ ቀለም ሲለወጥ ያን ሁሉ ምን በላው?

ጩኸት ግን አናውቅም አይባልም። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወገኖቻችንን ስትደበድብና ስታባርር በየአገሩ ኤምባሲዋ ደጅ ተሰልፈን አልቅሰናል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ቤይሩት ላይ አሠሪዎች ሴቶቻችንን ከነሻንጣቸው የቆንስላው በር ላይ ሲጥሏቸው ፎቶውን ተቀባብለን ከንፈር መጠናል። ከዚያስ? ሳምንት ሳይሞላ ረሳን። ሲደበደቡ «እህቶቻችን» የምንላቸውን ልጆች፣ በደህናው ቀን አጠገባችን ቁጭ ብለው ዶሮ ሲበሉ «ራቅ ያለ ቦታ» እንጠይቅባቸዋለን። ይህ ፍቅር አይደለም፤ ይህ በሰው መከራ ራስን ማስደሰት ነው።

ሰው ሆኖ የሚሄድ ሰው የሚሠራው አያጣም። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ የሚሠራው የኤሚሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ ለሠራተኛዋ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው እረፍት፣ በቀን 12 ሰዓት እፎይታ፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ፓስፖርቷም በእጇ እንዲሆን ያዛል። እኔ ያነጋገርኳቸው ልጆች ብዙዎቹ ይህን አያውቁም ነበር። ከመካከላችን ጠበቃ አለ፣ ነርስ አለ፣ አረብኛ የሚያነብ አለ። አንድ ከሰዓት ናይፍ ውስጥ ቡና እየጠጣ ይህን በአማርኛ ቢያስረዳ ከቡርጅ ኸሊፋ ሥር ከሚነሳው ሺህ ፎቶ ይበልጣል። የየከተማው ማኅበሮቻችንም ለዳንስ ምሽት አዳራሽ ከሚከራዩበት ገንዘብ ትንሽ ቆንጥረው፣ ደመወዟ ለተከለከለች አንዲት ልጅ አስተርጓሚና ጠበቃ ቢይዙላት አይደኸዩም።

ስለዚህ በሚመጣው ገና ዱባይ ስታርፉ ማሪናውን እዩ፣ ማንም አልከለከላችሁም። ግን አንዱን ቀን ለዴራ ስጡ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ምሳ ብሉ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠችውን ልጅ በአማርኛ «እንኳን አደረሰሽ» በሏት፤ አገሯን ጠይቋት፤ ፓስፖርቷ በእጇ መሆኑን ጠይቋት፤ ለእናቷ የምትልከው ነገር ካላትና ሻንጣችሁ ቦታ ካለው ተቀበሏት። ይህን ማድረግ የከበደው ሰው አገር ቤት ገብቶ ስለ ወገን ፍቅር ባያወራ ይሻላል።