ሕንፃውን እያየን ነዳፊውን አንርሳ



በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር መጽሐፍ ከማንበባችን በፊት የደራሲውን ስም እንድንጽፍ እንታዘዝ ነበር። ታዲያ ይህ ልማድ ለሕንፃ ስለ ምን ቀረ?

ተማሪዎቼን ይዤ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ፥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ስናልፍ አንዱ ልጅ «ይህን የነደፈው ማን ነው?» አለኝ። ኢትዮጵያዊው አርክቴክት ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር መሆኑን ነገርሁት። ሁለቱ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የፍል ውኃን መታጠቢያና የካርታ ሥራ ድርጅትን ሕንፃም ነድፈዋል።

የዚያን ዘመን አርማታ «ሻካራና ከባድ ነው» የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ የጎጃም ግንበኛ ድንጋዩን ሳይለስን ቢተወው ማን ይነቅፈዋል? ያልተለሰነ አርማታም እንዲሁ የሠራተኛውን እጅ አይደብቅም።

አዲስ አበባ በየጊዜው ትፈርሳለች፥ ትሠራለችም፤ በዚህ መካከል ባለቤቱ ያልታወቀ ሥራ ጠበቃ የለውም። ስለዚህ በየሕንፃው በር ላይ የነዳፊው ስምና ዓመተ ምሕረቱ በድንጋይ ይቀረጽ። እናንተም በውስጡ የምትሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ለአለቆቻችሁ አሳስቡ። ወጪው ጥቂት ነው፤ ትርፉ ግን ለሚጠይቁን ልጆች ይተርፋል።

ከአንድ መምህር፤ ደብረ ማርቆስ