የሞግዚት ፈቃድና የእኛ ዲግሪ

ስለ ሴቶች ሥራ በምንወያይበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ስለ ተቀጠሩት ነው። እናት ወደ ሥራዋ ስትሄድ ልጇን ተቀብላ በገዛ ቤቷ ስለምታቆይላት ሴት ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ይህች ሴት በሁለት ወገን የተረሳች ናት፤ ትምህርት ቤት ስላልከፈተች መምህር አትባልም፤ ሰው ቤት ስላልተቀጠረችም ሠራተኛ አትባልም። ዳሩ ግን አንድ ቀን ብትታመም ስንት እናት ከሥራዋ እንደምትቀር መገመት አያዳግትም። ስለዚህ መንግሥታት በዚህች ሴት ላይ የሚያወጡት ደንብ ምን ዓይነት ሊሆን እንደሚገባው አሳባችንን ለመግለጽ እንወዳለን። ነገሩ እኛን ተማሪዎችን በተለይ ይመለከታል፤ ምክንያቱም የክርክሩ ዋና ነጥብ እኛ ሌት ተቀን የምንደክምለት ወረቀት ነው።

ክርክሩ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ነው። (ስለ አሜሪካ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) በ2016 መጨረሻ የከተማው የትምህርት የበላይ ጽሕፈት ቤት አዲስ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት በሕፃናት ማቆያ የሚያስተምሩና በሰፊ የቤት ውስጥ ማቆያ በርከት ያሉ ሕፃናት የሚይዙ ሰዎች የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ እንዲኖራቸው ታዘዘ። አነስ ባለ የቤት ውስጥ ማቆያ የሚሠሩት ደግሞ ከዚያ ዝቅ ያለ የሙያ ምስክር ወረቀት እንዲይዙ ተጠየቁ። በዚያ ከተማና በአካባቢው እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩም አሉባቸው። ስለዚህ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ያለ ምክንያት አልተነሡም። በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩትና ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባወጡት ጥናት፣ የሕፃን አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ስለሚያድግ ከልደት እስከ 8 ዓመት ያሉትን ልጆች የሚያስተምሩ ሰዎች ከፍ ያለ ትምህርት እንዲኖራቸው መክረው ነበር። በሌላ በኩል በ2018 ደንቡን ተቃውመው ክስ ያቀረቡ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዷ በቤቷ ሕፃናትን ለብዙ ዘመን ያቆየች ስደተኛ ናት። ከብዙ ምልልስ በኋላ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2022 ደንቡን አጸና። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ የመረመረው ደንቡ ምክንያት ያለው መሆን አለመሆኑን ነው። ምክንያት ያለው ደንብ ሁሉ ግን ብልህ ደንብ ነው ማለት አይደለም። ብልህነቱን መመርመር የዜጎች ፈንታ ነው።

እንደ እኛ አሳብ ሁለት ዓይነት ደንብ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሕፃኑን ሕይወት የሚጠብቀው ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ስንት ሕፃን መያዝ እንደምትችል፣ እሳት ቢነሣ መውጫው በየት እንደ ሆነ፣ ጨቅላ ሕፃን በጀርባው እንዲተኛ፣ በቤቱ የሚኖሩ አዋቂዎች ያለፈ ወንጀል እንዳለባቸው እንዲመረመር የሚያዝ ደንብ ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። በ2014 የታደሰው የአሜሪካ የሕፃናት እንክብካቤ ርዳታ ሕግም ይህን ዓይነቱን ግዴታ አጥብቋል፤ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይነገራቸው እንዲጎበኙ አድርጓል። በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም። ሴትየዋ ድኻ ናት ተብሎ የሕፃን ሕይወት ለአደጋ አይጋለጥም።

ሁለተኛው ወረቀት የሚጠይቀው ደንብ ነው። ትምህርት መልካም መሆኑን የዩኒቨርስቲ ተማሪ ሊክድ አይችልም። ነገር ግን ሳይነጋ በሯን ከፍታ የመጨረሻው ሕፃን እስኪወሰድ የማትቀመጥ ሴት ኮሌጅ የምትገባው በየትኛው ሰዓት ነው? ዋሽንግተን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። እንግዲህ ደንቡን በቋንቋዋ ታነበዋለች እንበል፤ የኮሌጁ ትምህርት ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ሁሉ ሲከብዳት ወይ ቤቷን ትዘጋለች፣ ወይ ተደብቃ ትሠራለች።

ቤቶቹ መዘጋታቸው ደግሞ የግምት ነገር አይደለም። በአሜሪካ ፈቃድ ያላቸው ትንንሽ የቤት ውስጥ ማቆያዎች ቍጥር ከ2005 እስከ 2017 ባለው ጊዜ በግማሽ ያህል ቀንሷል። የዋሽንግተን ደንብ የመጣው በመጨረሻው ላይ ስለሆነ ጥፋቱን በእርሱ ላይ መጣል አይቻልም፤ የገቢው ማነስ፣ የባለቤቶቹ ማርጀት፣ የወረቀቱ ብዛትና የቤት አከራዮች እምቢታ ሁሉ አሉበት። ዳሩ ግን ወንዙ በሚጎድልበት ጊዜ መስኖ የሚከፍት ሰው መጠንቀቅ ይኖርበታል። ፈቃድ ያለው ቤት ሲዘጋ እናትየዋ ሥራዋን አትተውም፤ ልጇን ማንም ተቆጣጣሪ ወደማያውቀው ቤት ትወስደዋለች። ያን ጊዜ ሕፃኑ ይጠበቅበታል ከተባለው ደንብ ውጭ ይሆናል።

ሌላው ነገር የክፍያ ጉዳይ ነው። የዋሽንግተን ከተማ ለትምህርቱ የገንዘብ ርዳታ ማዘጋጀቱን አንዘነጋም። ነገር ግን ሕፃናትን የሚያስተምሩ ሰዎች ደመወዝ ከፍ እንዲል የከተማው ምክር ቤት በባለጸጎች ላይ ግብር የጨመረው በ2021 ነው፤ እስከ 14,000 ዶላር የደረሰው ድጎማም መከፈል የጀመረው በ2022 ነው። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። ሸክሙ በ2016 ታዘዘ፣ ስንቁ በ2022 ደረሰ።

የካሊፎርኒያ ታሪክ ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው ሲናገሩ ምን እንደሚገኝ ያሳያል። በዚያ አገር ትንሹ የቤት ውስጥ ማቆያ እስከ 8፣ ትልቁ እስከ 14 ሕፃናት ይይዛል። በ2019 የወጣ ሕግ ከተሞች ትልቁንም እንደ ማንኛውም መኖሪያ ቤት እንዲቆጥሩት አዘዘ፤ ስለዚህ የተለየ የቦታ ፈቃድ እየጠየቁ ማንገላታት ቀረ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ የመንግሥት ድጎማ ያላቸውን ሕፃናት የሚይዙ ሴቶች በማኅበር ሆነው ከመንግሥት ጋር እንዲደራደሩ ፈቀደ። ተመሳሳይ ሕግ በ2011 በአገረ ገዢው ሳይፈረም ተመልሶ ነበር፤ ነገር ግን ተስፋ አልቆረጡም። በ2020 በተሰጠው ድምፅ 97 ከመቶው ማኅበሩን ደገፈ። በ2023 በተደረገው ስምምነት የጡረታ ገንዘብ እንኳ ተገኘላቸው። ይህ ሁሉ የተገኘው በየቤታቸው በማዘን ሳይሆን ተባብረው በመጠየቅ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ይሰጣል። በ91ኛው ቀን ሕፃኑ ከማን ጋር ይውላል? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በጉሊት አትክልት የምትሸጠው፣ በሰው ቤት ልብስ የምታጥበው፣ በግንባታ ቦታ አሸዋ የምትሸከመው እናት መሥሪያ ቤት የላትም። አያት በአጠገቧ ከሌሉ ያላት መጠጊያ ጎረቤት ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት አባቶች አልተሳሳቱም። ዳሩ ግን ከተማ በሰፋ መጠን ይህች ጎረቤት የምትይዘው ልጅ ይበዛል፣ ክፍያም ትቀበላለች፣ ነገሩ ከጉርብትና አልፎ ሥራ ይሆናል። ሥራ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ደንብ ይመጣበታል።

ያን ደንብ የሚያረቅቀው ማነው? ከዚህ ግቢ ወጥቶ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሚቀመጠው ተማሪ ነው። የተማረ ሰው የመጀመሪያ አሳቡ ሌላውን ሁሉ በራሱ ወረቀት መለካት እንዳይሆን እንሠጋለን። የአገራችን ልምድ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሐኪም እስኪበዛ አልጠበቀም፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት እያሠለጠነ ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ላከ። ደመወዝ ከፈላቸው፤ ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ እያሉ ደረጃ በደረጃ ወደ ከፍተኛው ሥልጠና እንዲወጡ አደረገ። መጀመሪያ ሥራውን አምኖ ሰጠ፣ ቀጥሎ መሰላሉን አቆመ።

ስለዚህ በበኩላችን የምንጠይቀው ይህ ነው። በቤቷ ሕፃናት የምታቆይ ሴት ያለ ክፍያና ያለ ፍርሃት በወረዳዋ ትመዝገብ። የሕይወት ደንቦቹ በቍጥር ጥቂት ሆነው ይጻፉ፤ በሚገባት ቋንቋ በቃልም ይነገሯት። አጭር ሥልጠና እርሷ ባለችበት ሰፈር ይሰጣት። ጎብኚው ለመቅጣት ብቻ ሳይሆን ለማስተማርም ይምጣ። ከፍ ያለ ትምህርት የሚፈለግ ከሆነ ጊዜውና ገንዘቡ ቀድሞ ይዘጋጅ። ከሁሉም በላይ ረቂቁ ሳይጸድቅ እነርሱ ተጠርተው ይጠየቁ።

የሕግና የትምህርት ክፍል መምህራኖቻችን ይህን ጉዳይ ለጥናት ርእስ እንዲሰጡን በአክብሮት እንለምናለን። ተማሪዎችም ብንሆን በየሰፈራችን ስንት እንዲህ ያለ ቤት እንዳለ ጠይቀን ለመመዝገብ የሚያንሰን ጊዜ አይኖርም። ከመካከላችን በጎረቤት እጅ ያደገ ጥቂት አይደለም። ያሳደጉንን እጆች የሚመለከተውን ደንብ እነርሱን ሳንጠይቅ ብንጽፈው፣ ዲግሪያችን ለራሳችን እንጂ ለሕዝብ አልጠቀመም ማለት ነው።