ወስፌሽን አንሺ

ዌስተን ያለው የብዙዎቻችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ከአገር የመጣ ሰፌድ ተሰቅሏል። አንዳንዶቻችን ራሳችን የሰፋነው ነው፤ ግን ከስንት ዓመት በፊት?

ስፌትን የተውነው ጠልተነው አይደለም። ልጅ መጣ፣ የሌሊት ሥራ መጣ፣ የቤት ኪራይ መጣ። አሁን ልጆቹ አድገው ትንሽ ጊዜ ሲገኝ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» እንላለን። እኔ ግን ተመለሺበት እላለሁ።

ቶሮንቶ ብዙ የሐረር ልጆች አሉ። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች፤ የቤቶቿን ግድግዳ ያስዋበው ደግሞ የሴቶች ስፌት ነው። ይህን ሙያ ልጅ የተማረችው ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ እያየች ነው። እናት ወስፌዋን ካስቀመጠች ልጅ ምን አይታ ትማር?

«ጊዜ ማባከን ነው» የምትይ ካለሽ፣ የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) በእጃቸው እየሠሩ ሰደቃ ይሰጡ እንደነበር አስታውሺ። ዋናው ኒያሽ ነው።

መጀመሪያ ጣትሽ ይታመማል፣ ዙሩም ይጣመማል። ፍቺውና እንደገና ስፊው። አክርማና ስንደዶ ካጣሽ ከዕደ ጥበብ ዕቃ መሸጫ ራፊያ ግዢ። በትንሽ ሰፌድ ጀምሪ፤ መሶቡ ይደርሳል። ከዒሻ በኋላ አንድ ዙር ይበቃል። እንደ ድሮው ባያምር እንኳ ለልጅሽ የሚቀርላት ያማረው ሰፌድ ብቻ ሳይሆን አሰፋፉም ይሁን፣ ኢንሻአላህ።