የሰው ወርቅ አያደምቅ



ከኤኮኖሚክስ ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ፥ «የውጭ ሰው የአንድን መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ከገዛ እምነቱን መግለጹ ነው፤ ዕዳውም በአገሩ ገንዘብ የተጻፈ እስከ ሆነ ድረስ የሚያሰጋ ነገር የለም» እያሉ ይከራከራሉ። አሳቡ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የሜክሲኮና የሩሲያ ታሪክ አይደግፈውም።

የሜክሲኮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1994 መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ የሚበደረው በአብዛኛው ሴቴስ በተባለው የፔሶ ሰነድ ነበር። በመጋቢት ወር ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረው ሉዊስ ዶናልዶ ኮሎሲዮ ሲገደል የውጭ ባለገንዘቦች ደነገጡ። መንግሥቱም እንዳይሸሹበት ብሎ፥ ዋጋው በዶላር የሚታሰብ ቴሶቦኖ የተባለ ሰነድ በገፍ ሸጠላቸው። በዓመቱ መጨረሻ የቴሶቦኖው ዕዳ ወደ 29 ቢሊዮን ዶላር ሲጠጋ፥ በመጠባበቂያ የቀረው የውጭ ምንዛሪ 6 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነበር። በታኅሣሥ ፔሶው ወደቀ፤ ዕዳውም በፔሶ ሲቈጠር በዚያው ልክ አበጠ።

ጌካኦ የተባለው የሩሲያ ሰነድ ግን የሚከፈለው በሩብል ነበር። ከ1996 ጀምሮ የውጭ ገዢዎች ገቡበት። የአሮጌው ሰነድ ዕዳ የሚከፈለው በአዲሱ ሰነድ ሽያጭ ነበርና፥ በ1998 የነዳጅ ዋጋ ወርዶ የእስያም ቀውስ ሲታከልበት ገዢ ጠፋ። የውጭ ሰዎችም ሩብላቸውን ተቀብለው ዶላር ይለውጡበት ጀመር። ሩብል ማተም ለሩሲያ ይቻላታል፤ ዶላር ማተም ግን ከወዴት ይመጣል? ማዕከላዊው ባንክ በግንቦት ወለዱን እስከ 150 በመቶ ቢያደርስም አልበጀም። በነሐሴ መንግሥቱ የሩብልን ዋጋ ከመልቀቁም በላይ የሰነዱን ክፍያ አቋረጠ።

እንግዲህ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ኪሳራውን ማን ተሸከመው በሚለው ላይ ነው። ሜክሲኮ ከአሜሪካ መንግሥትና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ተበድራ ቴሶቦኖውን እስከ መጨረሻው ከፈለች፤ ባለሰነዱ ገንዘቡን ሲያገኝ፥ የሜክሲኮ ሠራተኛ ግን የአገሩ ምርት በ1995 ከ6 በመቶ በላይ ሲያሽቈለቍል ሥራውን አጣ። በሩሲያ የውጭው ባለሰነድም ከሰረ፤ ሕዝቡም በኑሮ ውድነት ተቃጠለ። የገንዘቡ ዓይነት ይለያይ እንጂ ሁለቱን ያነቃቸው ገመድ አንድ ነው፤ እርሱም የጊዜው ማጠር ነው። በየሦስት ወሩ የሚታደስ እምነት፥ በየሦስት ወሩ ሊነሣ የሚችል እምነት ነው።

ከዚህ በኋላ በ1999 አርጀንቲናዊው ፓብሎ ጊዶቲና አሜሪካዊው አላን ግሪንስፓን፥ አንድ አገር በዓመት ውስጥ ለውጭ የሚከፍለውን ዕዳ የሚሸፍን መጠባበቂያ ይኑረው የሚል ደንብ አቀረቡ። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ወለድ እየከፈሉ የተበደሩትን ገንዘብ በጥቂት ወለድ ማስቀመጥ ከሆነ፥ የብድሩ ጥቅም የቱ ላይ ነው?

የውጭ ገንዘብ ሁሉ ጠላት ነው አላልንም። ፋብሪካ የሚተክል ገንዘብ ማሽኑን በአንድ ሌሊት ነቅሎ አይሄድም፤ የዘጠና ቀን ሰነድ የገዛ ግን ይሄዳል። በአዲስ አበባም የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ተከፍቷልና፥ ጥያቄው የሩቅ አገር ተረት ሆኖ አይቀርም። የግምጃ ቤት ሰነዳችንን ለውጭ ገዢ እናቅርብ የሚል ሁሉ አስቀድሞ «ስንት? ለስንት ጊዜ? ሁሉም ባንድ ቀን ቢጠይቁን በምን እንከፍላለን?» ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ይስጥ።

የተለየ አሳብ ያላችሁ ጓደኞችና መምህራን፥ ብዕራችሁን አንሡ፤ እንከራከርበት።