ይድረስ ለቢቸናና ለሞጣ ወገኖቼ

  እዚህ አሜሪካ ሁለት ጎጃሜ ከተገናኘ የአርበኛው የበላይ ዘለቀ ስም መነሣቱ አይቀርም። ፎቶው በየቤቱ ተሰቅሏል፣ ቲሸርት ላይ ታትሟል። በወጋችን ግን በላይ ሁልጊዜ ዱር ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ አናየውም።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን እንዲገዛ ተሹሞ ነበር። እኔን የሚያጓጓኝ ይህ ዘመኑ ነው። በጦርነቱ ወቅት ማንንም ሳያስፈቅድ ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። ድል ሲመጣ ያችኑ የራሱን አገር ተሰጥቶ እዚያው ቀረ። ለጠላት ያደሩ መኳንንት ከእሱ የተሻለ ሲያገኙ ደግሞ አየ። ቅር አለው፤ የበላዮቹን ትእዛዝ አልቀበልም አለ፤ ጦር ዘመተበትና ተያዘ። የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ተለውጦለት ነበር፤ ከእስር ቤት ሲያመልጥ እንደገና ተያዘና በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብረውት የተሰቀሉት ልጅ ማሞ ኃይሉ የጣሊያን ወገን የነበሩ ናቸው። መንግሥት አርበኛውንና ባንዳውን በአንድ ገመድ ለካቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አሁን ከዚህ ጋር ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አስተያዩ። ከላይ ተሹመው የመጡ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው «ርስቴን ለክተው ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ሞጣና ቢቸና ግንባር ቀደም ሆኑ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለባችሁ። በመጨረሻ ውዝፉ ግብር ተማረ፣ ጠቅላይ ገዥውም ተነሡ። የት ሄዱ? ከፋን ሊገዙ! ከታች የወጣው ሲያጠፋ ገመድ፣ ከላይ የመጣው ሲያጠፋ ዝውውር።

በዚህ ሁሉ ሹም ሽር መሐል ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ሰባራ እንደሆነ ኖረ። በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ድልድይ መሐሉ የተቆረጠው በጣሊያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የሞጣ ሰው ወደ ማዶው ቤጌምድር ለመሻገር ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከግራና ከቀኝ ሰዎች እየሳቡት፣ በባዶው ላይ ተንጠልጥሎ ያልፍ ነበር። ጎጃምም ቤጌምድርም ገዥ አጥተው አያውቁም፤ ክፍተቱን በብረት ያገናኙት ግን በ1994 ዓ.ም. የመጡ የአሜሪካ በጎ አድራጊዎች ናቸው። ያንንም ጎርፍ ወሰደው፤ ተንጠልጣዩ ድልድይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ወረዳ ላይ ሹመት መቀበልም አለመቀበልም ነፍስ እንደሚያስከፍል እሰማለሁ። ከሩቅ ሆኖ «ተቀበል»፣ «አትቀበል» ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ እኔ በበኩሌ አፌን ይዣለሁ። አንድ ልመና ግን አለኝ። በላይ ቢቸና ላይ ሲገዛ ማንን ዳኘ፣ ምን አስከፈለ፣ ማን ተበደለበት፣ ማንስ ተካሰበት? ፉከራውን በቃላችን እናውቀዋለን። አባቶቻቸው እሱ ፊት ቆመው የተሟገቱ ሽማግሌዎች ካሉ ጠይቋቸው፤ መልካሙንም ክፉውንም ሳትመርጡ ጻፉት።

ናፋቂያችሁ