ማረሚያው የት ገባ?

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። የበይነ መረብ አሳታሚዎቻችን ግን ወለምታው መኖሩንም ይክዳሉ። ጋዜጣ ሲሳሳት በቀጣዩ እትም ማረሚያ ያወጣል፤ የተሳሳተው ወረቀትም በአንባቢ እጅ ምስክር ሆኖ ይቀራል። እነዚህኞቹ ግን ጠዋት አንድን የሐዋሳ ነጋዴ በስሕተት አጭበርባሪ ቢሉት፣ ማታ ስሙን ፍቀው ዝም ነው። ለመሆኑ ጠዋት አንብቦ ለወዳጁ ያቀበለው ሰው መፋቁን በምን ይወቅ? የነጋዴውንስ ስም በገበያው መሐል ማን ይመልስለት? የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 እኮ የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንንም ይመለከታል። ደግሞስ ለእውነት አዋጅ መጠበቅ ያስፈልጋል? ምን ተሳስቶ እንደ ነበር፣ መቼ እንደ ታረመ፣ እዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ። በአደባባይ የጠፋ ስም በጓዳ አይታደስም!